በሰዓቱ ተነሥቷል

ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሽ ገብረየሱስ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ጆሮዎስ? ስልክ ብደውልልዎ "ማን? ማን?" ሲሉኝ ካርዴ ስለሚያልቅ ወደ ብዕር ተመልሻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ አጠገብ ተቀምጦ ሰዓት የመዘገበ ሰው ጆሮው ደህና ይሁን ማለትም ግፍ ነው። እናቴ ሰላም ብላዎታለች። ፌርማታው ላይ ያለችው የቆርቆሮ ክፍልዎ እርስዎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀለም ተቀብታለች። የተተኩት ሴትዮ ግን መስኮቱን አይከፍቱም፤ ሰው ሰላም የሚሉም አይመስለኝም።

ሾፌሩ ሙለታ ሊጠይቅዎ ቡታጅራ ሲመጣ "ነጅማን አውቶቡስ ላይ ካየኋት ሁለት ወር አለፈኝ" ብሎዎት፣ ታምሜ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አልታመምኩም። ከሥራ ተባርሬ ነው። እስካሁን ያልነገርኩዎት አፍሬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ቃሊቲ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል ስፈትሽ ኖሬ የተሰጠችኝ ወረቀት "በተደጋጋሚ በማርፈድ" ትላለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ቀን አርፍጃለሁ። ልክ ነው። ግን ያረፈድኩት እኔ ነኝ ወይስ አውቶቡሷ? ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልደታ ፌርማታ ቆሜ እንደምገኝ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? በመስኮቱ አንገትዎን አውጥተው "ዛሬም ከጋራዥ አልወጣችም ልጄ፣ ታገሺ" የሚሉኝ እርስዎ አልነበሩም? አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ መነሣት ያለባት ለአንድ ሩብ ጉዳይ ትነሣለች፤ ጎተራ ላይ ትቆማለች፤ ሳሪስ ላይ ትተኛለች። የፋብሪካው በር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ታክሲ ያዢ እንዳይሉኝ ሦስት ቅያሪ ነው፤ ሰልፉም ያው ነው።

ከስሻለሁ። ፍርድ ቤቱ እዚሁ ልደታ ስለሆነ በእግሬ ነው የምሄደው፤ እዚያ እንኳ አላረፍድም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ሥራዬ እንዲመልሱኝ። ሌላ ፋብሪካ ስሄድ ያችን ወረቀት አይተው ይመልሱኛል። ዳኛዋ "አውቶቡሱ መዘግየቱን በማስረጃ አሳዪ" አሉኝ። ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል የሚል አዋጅ ወጥቷል አሉ። እኔም አውቶቡሷ በየቀኑ የተነሣችበትንና የደረሰችበትን ሰዓት ልጠይቅ ነው።

አሁን ጥያቄዬ፦ ያ በየቀኑ ይሞሉት የነበረው ሰፊ ቅጽ የት ነው የሚቀመጠው? የትኛውን ቢሮ ላንኳኳ? ሌላ አላስቸግርዎትም።

ልጅዎ ነጅማ

❖

ቡታጅራ
ሚያዝያ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለነጅማ፣

ከእናትሽ ጋር እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጾሙ ቢበረታም ከጎረቤት ጎመኑም ቆጮውም አይቀርብኝም። ጉልበቴ ዳገት አይወድም። ጆሮዬ ግን እዚህ ብዙም አያስቸግረኝም፤ የሚሰማ ነገርም የለ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እርጅና ይሆናል። ያንቺ ዓይነት ሠራተኛ በማርፈድ ተባረረች ሲባል ጆሮ ቢኖረኝም አልሰማም ነበር። ያልነገርሽኝ አፍረሽ ከሆነ እኔ ልፈር እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ።

የሽማግሌ ምክር ልስጥሽ፤ ሳትቆጪ ስሚኝ። ፋብሪካው ውስጥ የሚከበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ይዘሽ ሥራ አስኪያጁ ቤት ብትሄዱ አይሻልም? ፍርድ ቤት የገባ ነገር ያረጃል። ከመሥሪያ ቤት ወረቀት መጠየቅ ደግሞ እሾህ ውስጥ እጅ መክተት ነው፤ ምን እንደሚወጋሽ አታውቂም። ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸውልሽ፦ ቅጹ በየወሩ ተጠርዞ ዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይገባል። ግን አሮጌው ይቃጠላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ላታገኚው ትችያለሽ፤ ባታገኚው ተስፋ እንዳትቆርጪ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የሙለታን ስም ፍርድ ቤት እንዳታነሺ። ሾፌር በአሥር ደቂቃ ይቀጣል። አምስት ልጆች አሉት፤ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ።

መልሴን ዛሬውኑ መጻፌን እዪልኝ። እኔ ደብዳቤ የማሳድር ሰው አይደለሁም።

አባትሽ ገብረየሱስ

❖

ልደታ
ግንቦት 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሼ፣

የሚያዝያ ሁለቱ ደብዳቤዎ ሚያዝያ 24 ቀን ደረሰኝ። ከቡታጅራ ልደታ ሃያ ሁለት ቀን! በእግርዎ ቢያመጡት እንኳ በዚያ ጉልበትዎ ይቀድም ነበር። ፖስታ ሣጥኑን የሚያውሰኝ ባለሱቁ አብዱልሃሚድ "ፖስታ ቤቱም በከተማ አውቶቡስ ነው የሚልከው" ብሎ አሳቀኝ። ፋሲካንም ሳልመኝልዎ አለፈ፤ እንኳን አደረሰዎ። የግንቦት ልደታም በሠፈራችን ደምቆ ዋለ፤ ንፍሮው የሙስሊሙንም ቤት አልዘለለም።

ሽማግሌ ላኪ ያሉኝን አልቀበልም፤ ይቅርታ። ሽማግሌ የሚላከው ያጠፋ ሰው ይቅር እንዲባል ነው። እኔ ምን አጠፋሁ? "ዕድሜ ልክሽን ቆመሽ ጠብቀሻል፣ አሁን ደግሞ ተንበርከኪ" ማለት ይሆንብኛል።

ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩት፦ "አውቶቡሱ መቼ ተነሣ፣ መቼ ደረሰ" ብቻ ነው። ይህችን ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። እዚያ ያሉት ሰውዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "የአውቶቡስ ሰዓት ለምንሽ ነው?" አሉኝ።

"ስለምሳፈርበት" አልኳቸው።

"የድርጅቱ ምስጢር ነው።"

ጋሼ፣ ሳቄ አመለጠኝ። መቶ ሰው ፌርማታ ላይ ተገትሮ በዓይኑ የሚያየው ነገር እንዴት ምስጢር ይሆናል? "ታዲያ ነገ ስትነሣ ዓይናችንን እንጨፍን?" አልኳቸው። በጥበቃ አስወጡኝ።

በሦስተኛው ቀን ግን ሕዝብ ግንኙነት ክፍል እንዳለች የምትባል ሴት አገኘሁ። አዋጁን ከመሳቢያዋ አውጥታ አብረን አነበብነው። "በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ልንሰጥሽ ይገባል። እስካሁን ግን ይህን የጠየቀን ሰው የለም" አለችኝ። ዳኛዋም በእኔ አቤቱታ ግልባጩ በቀጥታ ለፍርድ ቤቱ እንዲላክ አዘዋል። ቀጠሮው ለሐምሌ 14 ሆኗል።

የሚገርመውን ልንገርዎ። እንዳለች ልትሸኘኝ ስትነሣ "የእናንተ መስመር እኮ ሪፖርት ላይ የተመሰገነ ነው፤ ከከተማው ሁሉ ሰዓት አክባሪ እናንተ ናችሁ" አለችኝ። ለቀባሪው አረዱት! የሌላ መስመር ሪፖርት አይታ ይሆናል ብዬ ወጣሁ።

ቅጹ ሲወጣ ሁሉም ይታያል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉኝ አልነበር? አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሐምሌ 14 መጥተው "አዎ፣ ትዘገይ ነበር" ቢሉልኝስ? እኛ ቤት ያርፋሉ። ከቤታችን ፍርድ ቤቱ ድረስ ዳገት የለም፤ ረግጬ አይቼዋለሁ።

ነጅማ

❖

ቡታጅራ
ግንቦት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ልጄ ነጅማ፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለእናትሽም ይድረስ። ፖስታ ቤቱ ስላስለፋሽ እኔ ይቅርታ ልጠይቅሽ፤ የአገራችን ነገር ያው ነው።

ልመጣ አልችልም። ጉልበቴ ብቻ አይደለም፤ ችሎት ውስጥ ዳኛዋ የሚሉትን ሳልሰማ "አዎ፣ አዎ" ብዬ አንቺን ማሳፈር አልፈልግም። ደግሞ ቅጹ ካለ የእኔ መምጣት ምን ያደርግልሻል?

ነጅማ፣ ወረቀት ሁልጊዜ እኛ ያሰብነውን አይናገርም። ይህን ያልኩሽ ዝም ብዬ ነው፤ የአዛውንት ወግ አድርጊው። ቅጹን ሰጡሽ? ከሰጡሽ ለማንም ሳታሳዪ መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ። የእጅ ጽሕፈቱን ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ። ግልባጩ ለፍርድ ቤት ሳይሄድ ማስቆም ይቻል እንደሆነም ያችን እንዳለችን ጠይቂያት።

ከዚህ በላይ የምለው አለኝ፤ ግን ሆድ ይፍጀው።

ገብረየሱስ

❖

ልደታ
ሰኔ 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሽ ገብረየሱስ፣

ቅጹን ሰጡኝ። መቶ ሦስት ገጽ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ እሑድ እሑድ ሲቀር። የእጅ ጽሕፈቱን ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ ብለውኝ ነበር። ለማንበብ ምንም አላስቸገረኝም። ያን የመሰለ ጽሕፈት በሕይወቴ አላየሁም።

"መነሻ ልደታ 12፡15። መድረሻ ቃሊቲ 1፡10። ምርመራ፦ በሰዓቱ ተነሥቷል።" መቶ ሦስት ጊዜ። አንዲት ደቂቃ አልጨመረ፣ አንዲት ደቂቃ አልቀነሰ። እኔ ያረፈድኩባቸውን ሃያ ሦስት ቀናት ፈልጌ ጣቴን እያስቀመጥኩ አየሁ። በሰዓቱ። በሰዓቱ። በሰዓቱ። ከሥር ደግሞ ያ ክብ ክብ ፊርማዎ።

ኅዳር 9ን ያስታውሱታል? አውቶቡሷ ጭራሽ ያልመጣች ቀን? እርስዎ ራስዎ ከክፍልዎ ወጥተው "ጎማዋ ፈንድቶ ጋራዥ ቀርታለች፣ ዛሬስ ቁርጥ ነው" አሉኝ። ሳለቅስ አይተው ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ማዶ ሻይ ጋበዙኝ። አጽናኑኝ። የኅዳር 9 ገጽ ምን እንደሚል ልንገርዎት? "በሰዓቱ ተነሥቷል። ተሳፋሪ 74።" ከሰባ አራቱ አንዷ እኔ ነበርኩ ይሆን? ሻዩን ከጠጣን በኋላ ነው የጻፉት ወይስ ከመጠጣታችን በፊት?

በየጠዋቱ ፊቴ ላይ "ዘገየች" ይሉኛል፤ ዞር ብለው "አልዘገየችም" ብለው ይፈርማሉ። የፋብሪካው ጠበቃ ግልባጩን ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚደሰት ያስቡት። ይህን ወረቀት ለማስወጣት ሁለት ወር የተንከራተትኩት እኔ ነኝ። ምስጢር ነው ሲሉኝ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እንዳለች እንኳ ስትሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቃታት።

ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል ለማለት ሞክሬ ነበር። ለሙለታ አዝነው ነው። ለእኔስ ማን ይዘን? እናቴ "ገብረየሱስ እንዲህ አያደርግም፣ የእሱ ፊርማ አይደለም" ብላ እስከ ዛሬ ትከራከረኛለች። ሰዎችን ይጠራጠራል የሚባል ልቧ እርስዎን መጠርጠር አልቻለም።

አሁንም አንድ መንገድ አለ። ቅጹ ሐሰት መሆኑን፣ አውቶቡሷ ትዘገይ እንደነበር በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈርሙልኝ። መምጣት አያስፈልግዎትም። የሙለታን ስም አያንሡ። ዳኛዋ "ከመዝጋቢው የጽሑፍ ቃል ካለሽ አቅርቢ፣ አየዋለሁ" ብለዋል። ቀጠሮው ሐምሌ 14 ነው። ከዚያ በኋላ ቢመጣ ምንም አይሠራልኝም። ሐምሌ 14፣ ጋሼ።

ነጅማ

❖

ቡታጅራ
ሐምሌ 7 ቀን 2003 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣ ልጄ ልበልሽ ብትፈቅጂልኝ፣

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ? ሙለታ እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ስለ አንቺ አወራን፤ እሱ ጮኾ፣ እኔ አፉን እያየሁ። ይኸው ብዕር አነሣሁ።

አዎ፣ ጽሕፈቱ የእኔ ነው። የጠየቅሽኝን ልመልስ፦ የኅዳር 9ን የጻፍኩት ሻዩን ከመጠጣታችን በፊት ነው። አውቶቡሷ መቅረቷንም ሳላውቅ። ቅጹን የምሞላው ገና ስገባ ነበር፤ አንዲት መኪና ሳትነሣ የቀኑን ሁሉ ሞልቼ፣ ተሳፋሪውን በግምት አስገብቼ፣ ፈርሜ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ከሰው ጋር መጨዋወት ነበር። ለአንቺም "ታገሺ" እልሽ የነበረው ከልቤ ነው። ወረቀቱና አንቺ የተያያዛችሁ ነገሮች መሆናችሁን አላሰብኩትም።

እንዴት እንደጀመረ ልንገርሽ። በ1988 ፈቃደ የሚባል ሾፌር ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገየ፤ እኔም እንዳየሁት ጻፍኩ። ከመሪው አውርደው ጋራዥ ጠራጊ አደረጉት። መጥረጊያ ይዞ ባገኘሁት ቁጥር ሰላምታ ይነፍገኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሰላምታ ሲነፍገኝ አልችልም፤ የእኔ በሽታ ይኼ ነው። ወረቀት አያለቅስም፣ የሚያለቅሰው ሰው ነው ብዬ ከዚያ ወዲህ በማንም ላይ አልጻፍኩም። ሾፌሮቹ ሲያልፉ ክላክስ ያደርጉልኝ ጀመር። ሁሉም። ያንን ክላክስ ወደድኩት፤ ጆሮዬን የወሰደውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ፌርማታው ላይ የቆመውን ሰው ግን አልቆጠርኩትም። አለቆቹ ሪፖርቴን እያዩ "ልደታ ችግር የለበትም" አሉ። ተጨማሪ አውቶቡስ በተመደበ ቁጥር ለሌላ መስመር ይሄዳል። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ሠፈሩን ሁሉ አሥራ አምስት ዓመት አስቆምኩት። አንቺንም ከሥራሽ አስወጣሁሽ።

ምስክርነቱን በሌላ ወረቀት ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ከዚህ ጋር ነው። ምንም አልሸሸግኩም። ጡረታዬን ቢነኩትም ይንኩት፤ የእኔ ዘመን አልቋል። ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ፤ ለሐምሌ 14 ይደርስልሻል። እናትሽን "ልብሽ ልክ ነበር፣ ሰውዬው ነው ያልሆነው" በያት።

ይቅር በይኝ አልልም። ይህን ወረቀት ዳኛዋ ፊት ስታኖሪው ያኔ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ገብረየሱስ

❖

ልደታ
ሐምሌ 23 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሽ ገብረየሱስ፣

ዛሬ ስለ ጉልበትዎ አልጠይቅም።

ፍርዱ ሐምሌ 14 ተሰጥቷል። ተሸንፌያለሁ። "አመልካች አውቶቡሱ መዘግየቱን አላስረዳችም፤ ራሷ ያስቀረበችው መዝገብም በሰዓቱ መነሣቱን ያሳያል" ይላል። ዳኛዋ ከመዝጋቢው የመጣ ነገር እንዳለ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለቱንም ጊዜ "በመንገድ ላይ ነው" አልኩ። ችሎቱ ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። አብዱልሃሚድ ሱቅ ቆሜ አነበብኩት፤ እዚያው አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ይቅር ብዬዎት ነበር። ፈቃደ ሰላምታ ነፈገኝ ያሉበት ላይ ስደርስ አሳዘኑኝ። ሐምሌ 7 ጽፈው፣ በዚያው ቀን ፖስታ ቤት ወስደው፣ ሰነፍ ፖስታ ቤት ሕይወቴን አበላሸው ብዬ እየጮህኩ ተሳደብኩ።

አብዱልሃሚድ ዕቃ ከውጭ ስለሚያስመጣ የፖስታ ማኅተም ማንበብ ለምዷል። ፖስታውን ከእጄ ወሰደና ገለበጠው። "ነጅማ፣ ሰዎቹን በከንቱ አትስደቢ" አለኝ። "ማኅተሙ ቡታጅራ ላይ የተመታ ነው። ቀኑ በፈረንጅ ስለሆነ አላወቅሽውም። ጁላይ 26 ይላል፤ በእኛ ሐምሌ 19 ነው። ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀው።"

ቤት ገብቼ የፊተኞቹን ፖስታዎች አወጣሁ። አስቀምጫቸው ነበር፤ ከእርስዎ የመጣ ነገር አልጥልም ነበር። "ደብዳቤ የማሳድር ሰው አይደለሁም" ያሉኝ የሚያዝያ ሁለቱ፣ ሚያዝያ 21 ተልኳል። የግንቦት አሥራ ሁለቱ ሰኔ 1 ተልኳል። አንዱም በተጻፈበት ቀን አልተነሣም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም በሰዓቱ ተነሥተዋል።

ይህም ሆኖ "ጽፎ አስቀምጦት ይሆናል፣ ፈርቶ ይሆናል" ብዬ ለመንኩልዎት። ከራሴ ጋር ነው የተከራከርኩት። ከዚያ "ሙለታ እሑድ መጥቶ ነበር" ያሉት ትዝ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ፌርማታው ላይ ጠብቄ ጠየቅኩት። መሪውን ይዞ አቀረቀረ። "የሄድኩት ሐምሌ 17 ነው ነጅማ። መሸነፍሽን የነገርኩት እኔ ነኝ" አለኝ። ሌላም ነገረኝ። ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት "እንግዲህ አለቀ በላ" ነበር አለ፤ ቀጥሎም በረጅሙ ተነፈሱ። ክላክስ ሳያደርግ ሄደ።

ስለዚህ ያን ሁሉ ያማረ ነገር የጻፉት ከሐምሌ 17 በኋላ ነው። ጡረታዬን ይንኩት ያሉት ማንም የማይነካበት ሰዓት ላይ ነው። እውነቱን የተናገሩት እውነቱ ምንም በማይሠራበት ቀን ነው፤ ከዚያ ብዕርዎን አንሥተው ሐምሌ 7 አሉት። እኔ ሞኟ ለዘላለም ፖስታ ቤቱን እየረገምኩ እርስዎን እንድመርቅ።

አሥራ አምስት ዓመቱን ይቅር ማለት እችል ነበር። ደግነት መስሎዎት ነው። እነዚያን አሥር አሥራ አንድ ቀናት ግን አልቻልኩም። እነሱ ለሙለታ አይደሉም፣ ለፈቃደም አይደሉም። ለእርስዎ ብቻ ናቸው። ሰላምታ እንዳልነፍግዎት ነው። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም፤ እስካሁን አልነገርኳትም።

ለይግባኝ ሠላሳ ቀን አለኝ፣ እስከ ነሐሴ 14። የላኩልኝ ምስክርነት ላይም ሐምሌ 7 ይላል። ይዤው ብቀርብ የፋብሪካው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያየው ፖስታውን ነው። "ይህ ሰው ሐሰት እጽፍ ነበር ይላል፤ አሁንም እየጻፈ ነው" ቢላቸው ምን እመልሳለሁ? ወረቀትዎን እዚህ ውስጥ መልሼልዎታለሁ። አዲስ ይጻፉ፤ የጻፉበትን ቀን ያስቀምጡበት፤ በዚያው ቀን ይላኩት። ካልሆነም ይተዉት፤ አልጠብቅም። ጥበቃ ሰልችቶኛል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ቅዳሜ ሐምሌ 23፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል። ስለዚህ የሚነሣው ሰኞ ሐምሌ 25 ነው፤ ጾማችንም የዚያን ቀን ይገባል። ማኅተሙን ገልብጠው ይዩት።

ነጅማ